ከላይ ነው ወይስ ከታች?

ባለፈው ዓርብ ማታ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ አካባቢ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ለእራት ተጠርተን ነበር። ከተጋባዦቹ ሁለቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው የተነሡት እኩል ነው። ነጋዴዋ በላይኛው፣ ክፍያ በሚጠየቅበት የፍጥነት መንገድ መጣች፤ ታክሲ የሚያሽከረክረው ወዳጃችን ከሥሩ ባለው በታችኛው፣ በማይከፈልበት ጎዳና። እሷ ደርሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለተኛ ሻይዋን ስትጀምር እሱ ገና ኒያዮ አደባባይ ላይ ቆሞ «እራቱን አትጠብቁኝ» እያለ ይደውል ነበር።

ሲገባ ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልሰጠም። «ለመሆኑ ይህ መንገድ የተሠራው ለማን ነው?» አለና ተቀመጠ። ክርክሩ የጀመረው ከዚያ ነው፤ ምግቡም በዚያው ቀዘቀዘ።

መንገዱን ላላየ ሰው፣ የናይሮቢ የፍጥነት መንገድ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምሎሎንጎ ተነሥቶ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል መሃል ከተማውን ሰንጥቆ ዌስትላንድስ ይደርሳል። መሃል ከተማ ላይ መንገዱ በምሰሶ ተደግፎ በታችኛው መንገድ፣ በኡሁሩ ሃይዌይ፣ አናት ላይ ያልፋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2022 ለሙከራ ተከፈተ፤ በሐምሌ መጨረሻ ተመረቀ። የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ለ27 ዓመት ከተሽከርካሪዎች ክፍያ ተሰብስቦበት ለኬንያ መንግሥት ይመለሳል።

ነጋዴዋ ነገሩን በአጭሩ ልትዘጋው ፈለገች። «እኔ በወር ሦስት ጊዜ እበራለሁ። ድሮ በረራዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ ከቤት የምወጣው በአሥር ሰዓት ነበር፤ ያውም እየጸለይኩ። አሁን ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። 500 ሽልንግ ቀርቶ ሺህ ቢሉኝም እከፍላለሁ።»

«እርስዎ ይከፍላሉ፣ እትዬ» አለች እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ በማታቱ፣ በሕዝብ ሚኒባስ ነው የምሄደው። በእግሬም እሄዳለሁ። ላይኛው መንገድ እግረኛም ቦዳ ቦዳም (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) አያስገባም። ለእኔ የተረፈኝ ምሰሶው ነው። ስሻገር መኪና መምጣቱን የማየው አንገቴን በምሰሶው ጎን አውጥቼ ነው።»

ቀጥላ ስለ ዛፎቹ አነሣች። ግንባታው ሲጀመር በጎዳናው ዳርና መሃል የነበሩ ዛፎች ተቆረጡ። ዋያኪ ዌይ በተባለው ጎዳና ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዛፍ ግን፣ የእኛ ዋርካ ዘመድ ነው፣ ኪኩዩዎች እንደ ቅዱስ የሚያከብሩት፣ ሰው ጮኸለትና በኅዳር 2020 በፕሬዚዳንቱ አዋጅ ከመጥረቢያ ተረፈ። የኡሁሩ ፓርክም ነገር እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ንድፍ ከፓርኩ ጠርዝ ሊቆርስ ነበር፣ ተቃውሞ ሲበረታ መሥመሩ ተስተካከለ። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይ በ1989 በዚያው ፓርክ ሊቆም የነበረውን 60 ፎቅ ሕንጻ ታግላ ያስቆመች ሴት መሆኗን ልጅቷ ስትነግረን ዓይኗ አበራ። «የተጮኸለት ተረፈ» አለች። «ታችኛው መንገድ ግን ማን ይጮህለታል?»

መሐንዲሱ እስከዚህ ዝም ብለው ነበር። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሲናገሩ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መሥመር የማስመር ልማድ አላቸው። «ልጄ፣ ድሮ የነበረውን አስታውሺ» አሉ። «ኡሁሩ ሃይዌይ የከተማ ጎዳና ብቻ አልነበረም። ከሞምባሳ ወደብ ወደ ኡጋንዳ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያልፈው በዚያ ነው። ጭነት፣ የአውሮፕላን መንገደኛ፣ ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ ሁሉም በእነዚያው አደባባዮች ይጋፋ ነበር። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን ከተማው ውስጥ ከሚውለው መለየት ትክክለኛ ምሕንድስና ነው። ያውም መንግሥት ለግንባታው ከካዝናው ሳያወጣ።»

«ጋሼ፣ መለየቱን እኔም አልጠላሁም» አለ ባለታክሲው። «ግን ክፍያውን ይዩት። መንገዱ ሲከፈት ከጫፍ እስከ ጫፍ 360 ሽልንግ ነበር፤ ከጥር 2024 ጀምሮ 500 ሆነ፣ ሽልንጉ በዶላር ፊት ሲወድቅ። አጭሯ ጉዞ ደግሞ 170 ናት። ስለዚህ ላይ የሚወጣው ረጅም መንገደኛው ነው። ከኒያዮ እስከ ሙዚየም ሂል የሚሄደው ሰው ለዚያች ቁራሽ መንገድ አይከፍልም። የጎዳናውን መጨናነቅ የሚፈጥሩት ደግሞ እነዚያ አጫጭር ጉዞዎች ናቸው። አደባባዮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ፖሊሱም እንደ ድሮው በእጁ ያሳልፋል። ዛሬ ደንበኛዬ ‹በታች ሂድ› ሲለኝ ያሳለፍኩት አንድ ሰዓት ተኩል ይህ ነው። ከሁሉ ያሳቀኝ በንጉሣችን ስም በተሰየመው በኃይለ ሥላሴ ጎዳና አደባባይ ላይ ያየሁት ነው፤ ከበላዬ መኪናው ይበርራል፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሞተር አጥፍቻለሁ።»

ልጅቷ ሴኡልን አመጣች። እዚያ በቾንግዬቾን ወንዝ ላይ የተሠራውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ከ2003 ጀምረው አፍርሰው በ2005 ወንዙን ገለጡት፤ ከተማዋም በመኪና ታንቃ አልሞተችም። መሐንዲሱ ሣቁ። «ሴኡል ያን ስታፈርስ ከመሬት በታች ባቡር ነበራት፤ በ2004 ደግሞ የአውቶቡስ ሥርዓቷን እንደ አዲስ አደራጅታለች። እዚህ ብታፈርሺ ሰዉን በምን ታጓጉዢዋለሽ?» ከዚያ ግን፣ ሐቀኛ ሰው ናቸውና፣ በራሳቸው ላይ አንድ ምስክር ጠሩ። አንቶኒ ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሰው በ1962 እንደጻፈው፣ በከተማ ፈጣን መንገድ ላይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚኖረው መጨናነቅ መንገዱ የሚችለውን ያህል እስኪሞላ ያድጋል። መንገድ ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ መሥመር ይሄድ የነበረው ሰው ተመልሶ ይመጣል። «ታችኛው መንገድ ላይ ነጋዴዋ የለቀቀችውን ቦታ ወዲያው ሌላ መኪና ያዘው» አሉ። «እሱን አልክድም።»

ባለታክሲው ይህን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። «እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅ። ታችኛው መንገድ ነገ ቢቃና፣ አደባባዩ በደንብ ቢሠራ፣ አውቶቡስ የራሱን መሥመር ቢያገኝ፣ 500 ሽልንግ የሚከፍል ማን ይቀራል?»

መሐንዲሱ ታችኛው መንገድ የኩባንያው ሳይሆን የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን አስረዱ። ነጋዴዋ፣ ክርክሩን ያሸነፈች መስሏት የነበረችው ሴትዮ፣ ሳታስበው «መንግሥትማ በላይ ነው የሚሄደው» አለች። ለጥቂት ጊዜ የሹካ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

እኔ ያን ማታ ብዙ አልተናገርኩም፤ አሁን ልናገር። መሐንዲሱ አላፊውን ከነዋሪው በመለየት ጉዳይ ልክ ናቸው፤ መንገዱ ይፍረስ ከሚሉትም አይደለሁም። የሚቆረቁረኝ የባለታክሲው ጥያቄ ነው፣ መልስ አላገኘምና። ከ2022 በፊት ኡሁሩ ሃይዌይ ላይ፣ በሞተር ብስክሌት ታጅበው ከሚያልፉት ጥቂቶች በቀር፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም ነጋዴዋም የማታቱ ተሳፋሪውም በአንድ ፖሊስ እጅ ይቆሙ ነበር። አብረው ይበሳጩ ነበር። ከእነርሱ ውስጥ ስልክ ደውሎ የሚሰማለት ሰው ነበረ። አሁን ያ ሰው ላይ ወጥቷል። እኔም ሲያስቸኩለኝ ወጥቻለሁ፤ ከላይ ሆኜ ኒያዮ አደባባይ መዘጋቱን አይቼ «ተመስገን» ብያለሁ እንጂ ለማን አቤት እንደሚባል አላሰብኩም። ጎዳናው ዛፉንና ጥላውን ብቻ ሳይሆን ጠበቃውንም አጥቷል ባይ ነኝ። ክፍያው ሲጨምር የሚያጉረመርም አለ፤ የእግረኛው መሻገሪያ ሲበላሽ ግን የሚያጉረመርመው የሚሻገረው ብቻ ነው። ለእኔ የመንገዱ ነገር የሚለካው ማታቱ ከኒያዮ ሙዚየም ሂል ለመድረስ በሚፈጅበት ደቂቃ ነው፤ ያን ለማሳጠር ከላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ታች የሚወርድ ድርሻ በሕግ መቆረጥ ነበረበት፣ ገና ምሰሶው ሳይቆም።

ስንወጣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታችኛው መንገድ ጭር ብሏል፤ ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል። ነጋዴዋ መኪናዋን አስነሥታ ያለምንም ማመንታት ወደ ላይኛው መግቢያ ታጠፈች። እኔም አልተከራከርኩም፤ የተሳፈርኩት በእሷ መኪና ነበር።