የሰማይዋ ላም ስንት ትታለባለች?

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን ከመርካቶ አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ገዝቶ መጣ። ቲክቶክ ላይ አንዱ ሽቦ ጠምጥሞ፣ ዳዮድ ቀጥሎ፣ ከአየር ላይ «ነፃ መብራት» ሲያበራ አይቷል። «ጋሼ፣ ይሄ ዋይፋይ ዝም ብሎ እኮ ነው የሚባክነው፤ ለምን ስልክ አንሞላበትም?» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ራውተሩ የሚረጨው የሬዲዮ ሞገድ ኃይል ነው፤ ኃይል ደግሞ ይለቀማል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳን።

የቤት ራውተር የሚረጨው 0.1 ዋት ገደማ ነው። እሱም በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ወደ ሩብ ይወርዳል። አምስት ሜትር ርቀን መዳፍ የሚያህል አንቴና ብንዘረጋ የሚያርፍበት 3 ማይክሮዋት አካባቢ ነው፤ የአንድ ዋት ሦስት ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ራውተሩ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ቢረጭና አንዲት ጠብታ እንኳ ባትባክን፣ ባለ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የስልክ ባትሪ ለመሙላት ወደ 700 ዓመት ይፈጃል። በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የሰካ ሰው ዘንድሮ ይሞላለት ነበር።

ለነገሩ በዚህ የጎመጀው የኛ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ አርሲኤ የተሰኘው ኩባንያ «ኤርነርጂ» የተባለ መሣሪያ አቅርቦ፣ በዋይፋይ ሞገድ ብላክቤሪ ስልክ ይሞላል ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞሮ ነበር። ስሌቱ ግን ያው ነው።

እንዲያውም ከዚህ ይብሳል። ሞገዱ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ ባትሪ ከመግባቱ በፊት ባንድ አቅጣጫ እንዲሄድ መደረግ አለበት፤ ይህን የሚሠራው ዳዮድ ነው። ዳዮድ ደግሞ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ነው፤ በሩን በኃይል ለደበደበ ይከፍታል፣ ቀስ ብሎ ያንኳኳውን አይሰማም። ሚሊዋት ሲደርሰው ከግማሽ በላይ ያሳልፋል፤ 10 ማይክሮዋት ላይ ግን አንድ አምስተኛ ካሳለፈ ጎበዝ ነው። ከኛ 3 ማይክሮዋት ምን እንደሚተርፍ አንባቢ ይገምት።

የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የምታፈሰው ከዚያ ራውተር ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ በሬዲዮ ሞገድ ልሙላ ማለት ወንዝ ዳር ቆሞ ጤዛ መልቀም ነው። በመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ላይ «ከአየር ሞባይል መሙላት» የሚል ባይ እኔ አማካሪ ብሆን መጀመሪያ የማስቀይረው እሱን ነበር።

ታዲያ ነገሩ ከንቱ ነው? አይደለም። የሆቴል በር መክፈቻ ካርድ ያዙና በስልካችሁ መብራት ፊት አስጠጉት። ስስ ከሆነ ዳር ዳሩን የዞረ ቀጭን ሽቦና ጥግ ላይ የተለጠፈች ቅንጣት ቺፕ ይታያችኋል። ባትሪ የለውም። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ አጠገብ ሲደርስ ከራሱ ከቁልፉ ኃይል ይቀበላል፣ ነቅቶ ማንነቱን ይናገራል፣ መልሶ ይተኛል። እዚህ ኃይሉ የተለቀመ ትርፍራፊ ሳይሆን ታስቦበት፣ ከቅርብ የተላከ ነው።

ለኛ አገር የሚታየኝም እዚህ ጋ ነው። የቡና ጆንያ ውስጥ ፀሐይ የለም። ቡና ደርቆ እርጥበቱ 11 እና 12 በመቶ አካባቢ ካልሆነ መጋዘን ውስጥ ይበላሻል፤ በየጆንያው ባትሪ መቀየር ደግሞ የማይታሰብ ነው። ባትሪ የሌላት የእርጥበት መለኪያ ጆንያው ውስጥ ብትገባ፣ ሠራተኛው ሞገድ የሚልክ ማንበቢያ ይዞ በረድፉ መሐል ሲያልፍ እየነቃች ትመልስለታለች። ማንበቢያው ከራውተሩ በብዙ እጥፍ የበረታ ነው፣ ርቀቱም ጥቂት ሜትር ነው። ቡናው ራሱ ሞገዱን ስለሚውጥ ጠጋ ማለት ያስፈልግ ይሆናል፤ ይሁን፣ ሠራተኛው ያው እዚያው ነው።

ባለፉት ዓመታት ከአንቴናው በላይ የተለወጠው የመሣሪያው ሆድ ይመስለኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ3.5 ማይክሮዋት ብቻ የሚያስደውል፣ ባትሪ አልባ ስልክ ሠርተው አሳዩ። ድምፁን ወደ ቁጥር መቀየር ብዙ ስለሚበላ ተዉት፤ የማይክሮፎኑ ንዝረት ስልኩን ከሚያገናኘው ጣቢያ የመጣውን ሞገድ እያወዛወዘ እንዲያንጸባርቀው አደረጉ። ከጣቢያው ወደ 9 ሜትር ድረስ በሬዲዮ ኃይል ብቻ ይሠራል።

ለልጁ ግን ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። ሽቦውን በካርድ ልክ አምስት ዙር ጠምጥሞ ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ የኤልኢዲ አምፖል እንዲያስር ነገርኩት። የስልኬን ኤንኤፍሲ (እንደ በሩ ቁልፍ ካርድን ከቅርብ የሚያነበውን ክፍል) ከፍቼ ጀርባው ላይ ስናስጠጋው አምፖሏ ብልጭ፣ ድርግም ማለት ጀመረች። ልጁ በደስታ ጮኸ። ከዚያ ሽቦውን አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት እያለ ወደ ላይ አነሳው። ጠፋች። መልሶ አስጠጋት።