ከኖቤሉ ይልቅ ሽቦው ይነገር

ፐልሳር የተባሉትን ከዋክብት ስላገኘችው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስለ ጆስሊን ቤል በርኔል ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ «ኖቤሏን ተቀማች» ላይ ያልቃል። ቅሬታው መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሽልማቱ ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፣ እሷ ቀረች። (እ.ኤ.አ. በ2018 በሌላ ሽልማት ያገኘችውን 3 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሰጠችው።) ለድሬዳዋ የሳይንስ ክበብ ልጆች ግን ከዚያ በፊት ያለው ይጠቅማል።

ካምብሪጅ ተማሪ ሳለች ከጥቂት ባልደረቦቿ ጋር በመዶሻ ምሰሶ ተክላ፣ ሽቦ ወጥራ፣ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል ሁለት ሺህ ያህል ዳይፖል (መሃሉ ተለይቶ ሁለት ክንድ ያለው) አንቴና ዘረጋች። እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀመር መዝጋቢው ብዕር በቀን 30 ሜትር ያህል ወረቀት ይሞላ ነበር፤ አንባቢዋ እሷ ናት። ሰማዩን አንዴ ማዳረስ 120 ሜትር ወረቀት ይፈጃል፤ ያጠራጠራት ምልክት የያዘው ከዚያ በጣም ትንሹን ነው። የመኪና ጩኸት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሷ ሰዓቱን አየች። የሰው ሥራ በሰው ሰዓት ይሄዳል፤ ከዋክብት ግን በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይወጣሉ። ምልክቱም እንደነሱ ይቀድም ነበር። ወረቀቱ በፍጥነት እንዲሄድ ሲደረግ በየ1.33 ሰከንዱ የሚመታ ትርታ ወጣ፤ ፐልሳር፣ ማለትም የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ (የፈነዳ ግዙፍ ኮከብ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት)።

ዘዴውን ድሬ ላይ መለማመድ ይቻላል። የፀሐይና የጁፒተር የሬዲዮ ድምፅ ለሚሰማበት ለ20.1 ሜጋኸርዝ 7.1 ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል። መሃሉ ተቆርጦ በፕላስቲክ ይለያል፤ የዲሽ ኬብሉ የውስጥ ሽቦ ከአንዱ፣ የዙሪያው መረብ ከሌላው ይታሰራል። ሁለቱ ከተነካኩ ልፋቱ ከንቱ ነው። 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአግድም ሲወጠር ይበልጥ የሚሰማው ከአናት በኩል ነው። ፀሐይና ጁፒተር እኛ ዘንድ ወደ አናት ተጠግተው ስለሚያልፉ በዚህስ ካምብሪጅን እንበልጣለን።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ድምፁን ራሱ የሚያመጣጥን ሬዲዮ ከሰማይ የመጣውን ከፍታና ዝቅታ ይደፈጥጠዋል፤ ማመጣጠኛው የሚጠፋበት ይፈለግ። የባጃጅ ሞተር ይንጣጣል፣ የብየዳ ቤት ይጮኻል፤ ስለዚህ ከሳቢያንም ከመጋላም ሰፈር ግርግር ራቅ ማለት ይሻላል። አንቴናው ተነቅሎም ጩኸቱ ካልቀነሰ ችግሩ ሬዲዮው ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው።

ለ4 ደቂቃው ፈተና ፀሐይ አትሆንም፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ትመለሳለችና። ጁፒተርም ሲያሻው ነው የሚናገረው። የሚሻለው ሌሊት የሚሰማው የጋላክሲያችን የማያቋርጥ ሹሹታ ነው። ድምፁ የሚበረታበት ሰዓት በየሌሊቱ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ከወር በኋላ 2 ሰዓት ያህል ካልቀደመ የተቀዳው የሰፈሩ ጩኸት ነው።