ቤቴ የሌለውን ሞደም መልሺ ተባልኩ

ከኢንተርኔት ድርጅቱ ጋር ስነጋገር ስልኩ የተቋረጠብኝ አሁን ነው፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ወዳጆቼ የምኖርበትን ሕንፃ ታውቁታላችሁ። የኪራይ ውሉን ስፈርም የሊዚንግ ኦፊሷ (የሕንፃው ኪራይ ቢሮ) ልጅ «ኢንተርኔቱን የፈለጉትን መምረጥ ይችላሉ» ብላኝ ነበር፤ ዕቃዬን አስገብቼ ስጠይቅ ግን ከግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር የአንድ ድርጅት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ፋይበር የሚባለው ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ገብቶላቸዋል፣ ወደ እኛ የማይሻገረው አከራያችን ስላልፈቀደ ነው። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ የምንለው ማለት ነው፣ የኬብል ድርጅቶች ከአፓርትመንት ባለቤቶች ጋር «ከእኔ በቀር ማንም አይግባ» የሚል ውል እንዳይዋዋሉ እ.ኤ.አ. በ2007 ከልክሏል፤ ነገር ግን ደንቡ የሚያስረው ድርጅቱን እንጂ አከራዩን ስላልሆነ፣ አከራዩ ለሌላው በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ በዚያ ደንብ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ታዲያ ምርጫው የቱ ላይ ነው? «በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራውን ያዢ» የምትሉኝ አላችሁ፤ ያዝኩት እኮ! ቤቴ በሕንፃው ጀርባ ምድር ቤት ስለሆነ ሳጥኑን መስኮቱ ላይ ካላስቀመጥኩት አይሠራም፣ ማታ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ ደግሞ መስኮቱም አያድነውም።

ስለዚህ ሳልወድ በግዴ ወደ ባለ መስመሩ ድርጅት ሄድኩ። ከመግዛቴ በፊት ዋጋውንና ፍጥነቱን የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ ቃል በቃል አነበብኩ፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ይህን ሰንጠረዥ ለገዢ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። የወር ዋጋው 50 ዶላር፣ የመሣሪያ ኪራይ 15 ዶላር ይላል። ኪራዩን ላለመክፈል ኢንተርኔቱን ከመስመሩ የሚቀበለውን ሞደምም፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ራውተርም ከሱቅ በገንዘቤ ገዛሁ። ቢሉ ሲመጣ 65 ዶላር!

ደወልኩ። ማሽኑ «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» እያለ ሙዚቃውን ካሰማኝ በኋላ አንድ ሰውዬ ተገኘ። የምታከራዩኝ መሣሪያ የለም፣ ሞደሙ የራሴ ነው፣ ደረሰኙም በእጄ ነው አልኩት። «ሲስተሙ መሣሪያችን ቤትዎ እንዳለ ያሳያል» አለኝ። የለም፣ አልተላከልኝም አልኩ። «እንግዲያውስ መሣሪያውን ይመልሱልንና ኪራዩን እናነሳለን» አለኝ። ያልተቀበልኩትን ምን ብዬ ልመልስ? ደንበኛው በራሱ መሣሪያ ሲጠቀም ኪራይ ማስከፈል በ2019 በወጣው የፌዴራል ሕግ እንደተከለከለ ረጋ ብዬ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ሌላ ሰው አለ?»

ሕጉን ስጠቅስበት መልስ አጣና አነጋገሬን መልስ አደረገው። እዚህ አገር ተምሬ፣ በዚሁ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ሠርቼ፣ ልጆቼን በዚሁ ቋንቋ አስተምሬ፣ ስለ 15 ዶላር አስተርጓሚ አምጪ ተባልኩ። አለቃህን አቅርብልኝ ስለው መስመሩ ተቋረጠ። መንገድ ማዶ ብኖር ኖሮ በዚያው ሰዓት አሰናብቼው ወደ ሌላው እሄድ ነበር፤ መሄጃ እንደሌለኝ አድራሻዬን ሲያይ ስለሚያውቅ ነው እንዲህ የደፈረኝ።

አገልግሎቱስ ቢሆን? በማስታወቂያው በትልቁ የሚጻፈው ወደ ቤት የሚገባው ፍጥነት ነው፤ የእኔ በሰከንድ 300 ሜጋቢት ይገባል፣ የሚወጣው፣ ማለትም እኛ የምንልከው፣ ግን 10 ብቻ ነው። ኤፍ ሲ ሲ በመጋቢት 2024 ብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) የሚባለው ቢያንስ 100 የሚገባበትና 20 የሚወጣበት እንዲሆን ወስኗል፤ የእኔ የሚወጣው ፍጥነት የዚያ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ልጆቹ የትምህርት ቤት ቪዲዮ ሲጭኑ እኔ ደሴ ያለችውን እናቴን ካነጋገርኩ፣ «ልጄ፣ ፊትሽ ደርቆ ቀረ፤ ደኅና ነሽ ወይ?» እያለች ትጨነቃለች። ፋይበር ካለው ከእህቴ ቤት ስደውልላት ግን ይህ ሁሉ የለም። ያቺው እናቴ፣ ያው ደሴ።

ከጎኔ ያሉት እትዬ ደግሞ የባሰ አለባቸው። መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በወር 30 ዶላር ይደጉም በነበረ ጊዜ ድርጅቱ ትልቁን ፓኬጅ አስይዟቸው ነበር፤ ኮንግረስ ገንዘብ ሳይጨምር ቀርቶ ድጎማው በሰኔ 2024 ሲቆም ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ባዶ እጁን ቀረ፣ እሳቸው ላይም ሙሉው ቢል ወደቀባቸው። ማታ ማታ የቤተ ክርስቲያን ስብከት ብቻ ለሚያዩ እናት ያ ሁሉ ፍጥነት ምን ያደርግላቸዋል? «ልጄ፣ እነሱ ያሉኝን ነው የምከፍለው» ይሉኛል። አነስተኛውን ፓኬጅ ይበቃዎታል ብሎ የነገራቸው ሻጭ የለም። ቢላቸውን ሳየው የመሣሪያ ኪራይ እዚያም ተጽፏል፤ የሚሠራላቸው ሞደም ግን ልጃቸው የገዛላቸው ነው።

አቤቱታዬን ከደረሰኙ ጋር ለኤፍ ሲ ሲ ልኬአለሁ፤ እነሱ አቤቱታውን ለድርጅቱ ካደረሱት በኋላ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የእትዬንም ነገ ማታ አብረን እንሞላለን። በዚህ ሕንፃ ያላችሁ ሁሉ ቢላችሁን አውጥታችሁ የመሣሪያ ኪራይ የሚለውን መስመር እዩት፣ የሌላችሁን ዕቃ እየከፈላችሁ ከሆነም ንገሩኝ። የዚህን ወር 65 ዶላር ግን ከፍያለሁ፤ ቢቆረጥብኝ የምሄድበት የለኝም።