ማስተካከያ፦ ስለ ዋዮሚንግ የኃይል ማመንጫ

ባለፈው ጽሑፌ፣ በአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት ያለው የጂም ብሪጀር ኃይል ማመንጫ አራቱም ዩኒቶች (ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ክፍሎች) በድንጋይ ከሰል ይሠራሉ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ሁለቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተቀይረዋል። አሠራሩ ግን ያው ነው። ውኃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ኤሌክትሪክ አመንጪውን የሚያዞረውን ተርባይን ያሽከረክራል። የተለወጠው ቦይለሩ (ውኃ ማፍያው) ውስጥ የሚነደው ነገር ነው።

ሌላም አለ። «ግዛቷ የምታመነጨውን ራሷ ትጠቀመዋለች» ያልኩትም ልክ አይደለም። የዋዮሚንግ ሕዝብ 600,000 እንኳ አይሞላም። ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ በረጃጅም መስመሮች ወደ ሌሎች ግዛቶች ይሄዳል። እኔን የከነከነኝ ይሄኛው ስህተት ነው። ጭሱ እዚያው ይቀራል፣ መብራቱ ሌላ ቦታ ይበራል። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልነበረብኝም። ጽሑፉን አርሜዋለሁ።