አርብ ማታ አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ረፋድ ሲያትል

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ቢሮ አመሸሁ። ቦሌ አካባቢ ነው። አርብ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። አምስት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ከበዋል። ሦስት ወር የጻፉትን ኮድ በአንድ ሌሊት ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለተጠቃሚዎች የሚያቀርበው ኮምፒውተር ላይ፣ ሊጭኑ ነው። አንዷ ትእዛዙን ከደብተር ታነባለች፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ዓይናቸውን ከስክሪኑ አይነቅሉም።

መሃል ላይ ሲደርሱ ነገሩ እምቢ አለ። "በቃ፣ ለእሱ ደውሉለት" ተባለ። እሱ ማለት ከስድስት ወር በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ ነው። ሰርቨሩን ያዋቀረው እሱ ስለሆነ ምስጢሩም ያለው እሱ ጋ ነው። ከእንቅልፉ ተነስቶ ሳይሰለች አስረዳቸው። ከቢሮው ስንወጣ ሊነጋ ምንም አልቀረውም።

ሲያትል ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ ስህተት አስተካከልኩ። አንድ ባልደረባዬ ኮዱን አይቶ "ይሁን" አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰው እጅ አልነካውም። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹት ፕሮግራሞች፣ ቴስቶቹ፣ በራሳቸው ሠሩ። ለውጡ መጀመሪያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ተለቀቀ። ችግር ሲጠፋ ለሁሉም ሆነ። "አሁን ማንን ላስፈቅድ?" ብዬ ብጠይቅ "ወጥቷል እኮ!" አሉኝ።

እዚህም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፍሊከር የተባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ሁለት ባለሙያዎች በቀን ከ10 ጊዜ በላይ ለውጥ እንደሚለቁ መድረክ ላይ ወጥተው አስረዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ገበያ ድርጅት አዲስ ኮድ በእጅ ሲጭን ከ8 ሰርቨሮች አንዱ ተረሳ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት የተረሳው ሰርቨር ላይ የቀረው አሮጌ ኮድ ያለ ልክ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ጠፋ። ሰው ሲደክም ይረሳል። ስምንቱንም እኩል የሚያዳርስ ማሽን ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ሌላ ይሆን ነበር።

የእኛንም አንርሳ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተናግቶ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው አለ። ያን ሰሞን እዚህ ያለን ሐበሾች ወሬያችን ሁሉ ኤቲኤም ላይ ስለተሰለፉት ተማሪዎች ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት ሲስተሙ ፊት ተቀምጠው የነበሩትን ልጆች ነበር የማስበው። ልቤ ለእነሱ አዘነ።

ጓደኛዬን "ለምን አውቶማቲክ አታደርጉትም?" አልኩት። "ኔት ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፤ እናንተ ጋ ያለው እኛ ጋ የለም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ችግሩን ቀን በቀን የሚኖረው እሱ ነው። ግን እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ደብተር እያነበቡ መሃል ላይ ሲደርሱ መብራት ቢጠፋ ሲስተሙ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ሥራው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ራሱ የሚሄድ ከሆነ ግን የላፕቶፑ መጥፋት አያቆመውም። ብሩም ሰበብ አይሆንም፤ ይህን ሥራ በራሱ ከሚያስኬዱት ፕሮግራሞች ጄንኪንስ ነፃ ነው፣ ጊትላብም በራስ ሰርቨር ላይ በነፃ የሚጫን አለው።

ከባዱ ሌላ ነው። ቴስት መጻፍ ጊዜ ይወስዳል፤ አለቃ ደግሞ ያንን እንደ መዘግየት ያየዋል። ከዚያም ፍርሃቱ አለ። እዚህ ቡድናችን ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ በመጀመሪያ ወደ ቀድሞው ስሪት እንመልሳለን፣ ከዚያ ምን እንደተፈጠረ የማንም ስም ሳይነሳ እንጽፋለን። ያን ሌሊት ቦሌ ስልኩ ላይ የሰማሁት የአለቃ ድምፅ ግን ከሁሉ በፊት "ማነው የነካው?" የሚል ነበር። እንዲህ የሚጠየቅ ልጅ ሥራውን ሦስት ወር ቢያጠራቅም አይፈረድበትም። ሲጠራቀም ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

በጥቅምት ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ። ከቀላሉ ነው የጀመሩት። ደብተሩ ላይ ያለውን ትእዛዝ በሙሉ ኮምፒውተሩ በተራ ወደሚፈጽመው አንድ ፋይል፣ ወደ ስክሪፕት፣ አዛወሩት፣ ከዚያ ጄንኪንስ ላይ ጫኑት። "ዛሬ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ለቀቅን፣ ከዚያ ምሳ ወጣን" ይላል። ከሥር አንድ መስመር ጨምሯል፦ "ለዚያ ልጅ አልደወልንለትም።"