የአባት ስም እና የምርጫ ካርድ

አንድ ጸሐፊ መራጭ የእጩውን ቤተሰብ መመርመር የለበትም ብለው ጽፈዋል። በግማሹ እስማማለሁ። አያት ባጠፋ የልጅ ልጅ አይጠየቅም። ግን ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆሞ ልጅ ኡሁሩ ኬንያታ፣ የመጀመሪያውን ምክትል ፕሬዚዳንት ልጅ ራይላ ኦዲንጋን አሸነፈ። አባቶቹ የተጣሉበትን ፖለቲካ ልጆቹ ወረሱት ማለት ነው። እዚህ ጋ የቤተሰብ ታሪክ ሐሜት አይደለም። መሬቱ ከየት መጣ? ንግዱ የማን ነው? ሕግ የሚያወጣው ሰው ከሕጉ የሚጠቀም ከሆነ መራጩን እንዴት አያገባውም? እኔ ከአባቱ ስም ይልቅ የሀብቱን ዝርዝር ነው የምጠይቀው።

በ2022 ደግሞ ዊልያም ሩቶ መጣ። ልጅ እያለ መንገድ ዳር ዶሮ መሸጡን እየተረከ፣ የእጅ ጋሪን ምልክት አድርጎ፣ የትልልቅ ቤተሰብ ልጆችን እየተቃወመ ምርጫውን አሸነፈ። ልብ በሉ፣ እሱም የሸጠው የቤተሰብ ታሪኩን ነው። የድህነቱን! ያኔ ግን 10 ዓመት ገደማ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ የከረመ፣ የናጠጠ ሀብታም ነበር። በ2024 ወጣቶቹ አደባባይ ሲወጡ የጮኹት ስለ ዶሮው አልነበረም፤ ዳቦ ላይ ሳይቀር ሊጣል ስለታሰበው ግብር እንጂ።