አደይ ዘሯን እስክትጥል ማጭዱ ይቆይ

መስከረም ሲጠባ ባሕር ዳር ውስጥ አደይ የሌለችበት ቦታ የለም። ባነር ላይ፣ ኬክ ላይ፣ ልጆች እያዞሩ በሚሰጡት ሥዕል ላይ። እውነተኛዋን ግን ፈልጎ ማግኘት ፈተና ሆኗል።

ጣና ዙሪያ ስለ አበባ ከተወራ ወሬው እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ሐምራዊ መጤ፣ 2004 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ዘመቻ ተጠርቶበታል፣ ማሽን መጥቶለታል፣ የሸፈነው ሄክታር ይለካል። ደግ ተደረገ። የገዛ አበባችን ግን በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ የትኛው ቀበሌ እንዳለች፣ ከየትኛው እንደጠፋች የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

አደይ ደንገል መሃል አትበቅልም። የዘጌ ቡና ጥላም አይስማማትም፤ ፀሐይ ትፈልጋለች። ቤቷ ሞፈር የማይደርስበት ቦታ ነው፦ የማሳ ወሰን፣ ድንጋያማ ተረተር፣ መንገድ ዳር። ወሰኑን ባሕር ዛፍና ጫት ሲይዘው፣ ተረተሩ ለቤት መሥሪያ ሲሸነሸን የት ትግባ? ገበሬውን አልወቅስም፤ ባሕር ዛፍ ብር ነው። ግን በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከምን የመጣ ይመስላችኋል? ንቦቹ ከሚቀስሙት ዋናው አደይና መጭ ነው። ቀፎ ያለው ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

መጭ ካልኩ አይቀር፣ ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም። ከሩቅ ሁለቱም መስኩን ያለብሱታል። «አደይ» ብለን ፌስቡክ ላይ ከምንለጥፈው ፎቶ ስንቱ መጭ እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው። ጠጋ ብላችሁ ቅጠሉን እዩ። የመጭ ቅጠል ወጥ ነው፣ ሲዳስሱት ይሻክራል። የአደይ ግን ስንጥቅጥቅ ያለ ቀጫጭን ነው።

ዘንዘልማ የግብርና ኮሌጅ አለን። ተማሪዎቹ በመስከረም በየቀበሌው ወጥተው ቢመዘግቧት ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌርነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተጠብቆ እንዲኖር በተለየ አካባቢነት ተመዝግቧል፤ የራሱን አበባ ካርታ ላይ ማስፈር አያቅተውም።

ሌላው ነገር ሳንቲም አይጠይቅም። ሣር የምናጭደው አበባዋ ጠውልጎ ዓይን ሲያስጠላ ነው። ዘሯ የሚበስለው ደግሞ ልክ ያኔ ነው! ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይቆያል። እስከዚያ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ማጭድ ባይገባበት፣ ማዘጋጃ ቤቱም የመንገድ ዳሩን ቢተወው ምን ይጎድላል? ለደመራ የምትቀጥፉም ከሥሯ አትንቀሏት፤ ቅርንጫፏን ቁረጡ፣ ከአንድ ቦታም ጠራርጋችሁ አትውሰዱ።